የእምባቦው ጨዋታ ተጫዋች ለምን አጣ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ እኔና ሦስት ጓደኞቼ የእምባቦን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ የሚያጫውት ጨዋታ ሠርተናል። ወታደሮቹን በስሪዲ ፕሪንተር እያወጣን ነው የምንሸጠው። የመጀመሪያው እትም የሁለቱንም ወገን 24 ወታደር በአንድ ካርቶን ይዞ 1,200 ብር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ካፌ ውስጥ እስከ 18 ሰው ይመጣልን ነበር፤ ግማሹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ባለፈው ጥር ሁለተኛውን እትም አወጣን። ሕጉ በጣም ተሻሽሏል፣ ጦሩም የእውነት ጦር መስሏል። አሁን አንድ ጦር 60 ወታደር ነው፣ 4,200 ብር። መጠናቸው ስለጨመረ የድሮዎቹ ከአዲሶቹ ጋር አይሰለፉም። በመጀመሪያው ወር ሽያጩ ከጠበቅነው በላይ ሄደ። ከዚያ ቀጥ አለ። አሁን ቅዳሜ የምንገናኘው አራት ሰዎች ነን፤ ከአራቱ ሦስታችን ጨዋታውን የሠራነው ነን። ዋጋው ነው? ስልክና ፕሌስቴሽን ነው? ወይስ ጨዋታው ራሱ ከፍቶ ነው? እንዝጋው ወይ?»

ወንድሜ፣ አትዝጉት። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በተቀመጡባት ከተማ የ1874ቱን የእምባቦ ጦርነት፣ እሳቸውና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የተጋጠሙበትን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚያነሣ ልጅ መገኘቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚያ ጦርነት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሊነግርህ የሚችል የማርቆስ ልጅ ስንት ነው? የእናንተ 18 ሰዎች ግን ስለ ምኒልክ የጦር አዛዥ ስለ ራስ ጎበና ፈረሰኞች እየተከራከሩ ቅዳሜያቸውን አሳልፈዋል። ይህ እንዲጠፋ ስለማልፈልግ ሳልሸፋፍን ነው የምመልስልህ።

ዋጋው ድርሻ አለው። ስልኩም አለው። ሥሩ ግን ሌላ ቦታ ነው። ይህን ዓይነት ጨዋታ የሚገዛ ሰው ብሩን የሚያወጣው «ቅዳሜ የሚገጥመኝ ሰው አለ» ብሎ ነው። ወታደሩ ቢያምር፣ ሕጉ ቢሰላ፣ ተጋጣሚ ከሌለ ዕቃው መደርደሪያ ላይ አቧራ ነው የሚጠጣው። ሁለተኛው እትማችሁ ተጋጣሚ የሚገኝባቸውን መንገዶች በአንድ ጊዜ አጠበባቸው። መጀመሪያ ተጫዋች ሳሳ፣ ከዚያ ሽያጭ ቆመ። እናንተ ያያችሁት ሁለተኛውን ነው።

እቁብ ገብተህ የምታውቅ ከሆነ ነገሩ ይገባሃል። ሁለት ሰው ሲወጣ የሚጎድለው የሁለት ሰው ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የቀረው ሰው ግን «ነገስ ማን ይወጣል? የእኔ ዕጣ ሳይደርስ ይፈርስ ይሆን?» ማለት ይጀምራል። ዳኛው ቢምል ቢገዘት አያምነውም። የጨዋታ ቡድንም የሚፈርሰው በዚሁ መንገድ ነው። ከ18 ሰው አንድ ቢቀር አንድ ሰው ብቻውን ይቀመጣል። ያ ልጅ ሁለት ቅዳሜ መጥቶ፣ የሰው ጨዋታ እያየ ቡና ጠጥቶ ከሄደ በሦስተኛው አይመጣም። እሱ ሲቀር ደግሞ ሌላው ተጋጣሚ ያጣል። ማንም አልተጣላም፣ ማንም ጨዋታውን አልጠላም። ካፌው ግን ጭር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተህ ያዝ። ሰው መውጣቱ ራሱ ችግር አይደለም። ሁልጊዜም ይወጣል። ግማሹ ተጫዋቻችሁ ተማሪ ከሆነ በየዓመቱ የተወሰነው ተመርቆ ወደ አገሩ ይሄዳል። ሌላው ያገባል፣ ሌላው አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል፣ ሌላው ፈተና ይደርስበታል። ጨዋታው ዕጹብ ድንቅ ቢሆንም ይህን አታስቀሩትም። ስለዚህ «ለምን ወጡ?» ከማለታችሁ በፊት «አዲስ ሰው በመጨረሻ የገባው መቼ ነው?» በሉ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከጥር በኋላ ስለመጣ አዲስ ሰው አንድም ቃል የለበትም። በሩ የተዘጋው ያኔ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ወር ሽያጭስ? እሱ ነው ያሳሳታችሁ። ሁለተኛውን እትም በዚያ ወር የገዛው ማን እንደሆነ ዝርዝሩን አውጥታችሁ ተመልከቱ። አብዛኞቹ የድሮ ተጫዋቾች እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። አንድ ሰው ጦሩን አሟልቶ ከያዘ በኋላ እንደገና የሚገዛበት ምክንያት ትንሽ ነው። አዲስ እትም ሲወጣና የድሮው አይሠራም ሲባል ግን ወይ ይገዛል፣ ወይ ይተወዋል። የሚገዙት በአንድ ወር ይገዛሉ። የሚተዉት ደግሞ ድምፅ አያሰሙም። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ሽያጩ ከፍ ባለበት በዚያው ወር ቡድናችሁ እየሳሳ ነበር። በዚህ ሙያ ከሽያጭ ደብተር በላይ የሚያታልል ነገር የለም። የዛሬው ሽያጭ የሚነግርህ ከወራት በፊት ስለነበረው ደስታ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በመጀመሪያው እትም ሁለት ጓደኛሞች 600፣ 600 አዋጥተው በ1,200 ብር ያን ቀን መጫወት ይችሉ ነበር። አንዱ ብቻ ቢገዛም ሁለቱም ይጫወታሉ፤ ካርቶኑ ሁለቱንም ወገን ይዟላ። በሁለተኛው እትም እያንዳንዳቸው 4,200 ማውጣት አለባቸው። ድምሩ 8,400 ብር ነው፣ የመጀመሪያው ሰባት እጥፍ። እናንተ «የአንዱ ወታደር ዋጋ ከ50 ብር ወደ 70 ብቻ ነው የጨመረው» ብላችሁ አስባችሁ ይሆናል። ለፕሪንተሩ የሚገባው የሬዚን (ፈሳሽ ፕላስቲክ) ዋጋ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የት እንደደረሰ አውቃለሁ፤ በዚህ አልወቅሳችሁም። ገዢው ግን የአንዱን ወታደር ዋጋ አይቆጥርም። የሚቆጥረው «የመጀመሪያዋን ጨዋታ እስክጫወት ስንት አወጣለሁ?» የሚለውን ነው። ከዚህም የሚብሰው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ «እኔ ባወጣ ጓደኛዬ ያወጣል ወይ?» በ1,200 ብር ጊዜ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

የውጭዎቹም በዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀዋል። ታሪካቸውን ማወቁ ይጠቅማችኋል። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጌምስ ወርክሾፕ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1983 ዋርሃመር የሚባለውን የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ አወጣ። ጎራዴ፣ ዘንዶ፣ በሰልፍ የቆመ እግረኛ ያለበት ነው። ለዓመታት በደንብ ሄደ። በ2010 የወጣው ስምንተኛው እትም ግን ትልልቅ ሰልፍ የሚሸልም ሕግ አመጣ። አሥር ሰው ጎን ለጎን ያሰለፈ ተጫዋች ከኋላ ያለ ተጨማሪ ረድፍ እንዲዋጋለት ተፈቀደ። ወረቀት ላይ ያምራል። ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ክፍለ ጦር ብቻ 30 እና 40 ወታደር ጠየቀ። እያንዳንዱን መግዛት፣ ቆርጦ ማውጣት፣ በማስቲሽ ማጣበቅ፣ ቀለም መቀባት አለ። በ2011 ደግሞ ከብረት ይሠሩ የነበሩትን ብዙ ምስሎች፣ ማለትም ትንንሽ የወታደር ቅርጾች፣ ወደ ሬዚን ቀየሯቸው። አየር የያዙና የተጣመሙ ምስሎች እየወጡ ገዢው አማረረ፤ ዋጋው ግን አልቀነሰም። የድሮው ሰው ያለውን ይዞ ተጫወተ። አዲሱ ሰው ክምሩን አይቶ ተመለሰ።

በዚያ ዘመን የኩባንያው አመራር የገበያ ጥናት እንደማያደርግ፣ ሰዉን ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ እንደማይጠይቅ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ጽፎ ነበር። ውጤቱን ሪፖርቱ ራሱ ይናገራል። የኩባንያው አጠቃላይ ገቢ በ2013/14 123.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በ2014/15 ወደ 119.1 ሚሊዮን፣ በ2015/16 ወደ 118.1 ሚሊዮን ወረደ። ይህ የአንዱ ጨዋታ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ድምር ነው። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

መፍትሔ ብለው በ2015 የድሮውን ጨዋታ ዘግተው ኤጅ ኦፍ ሲግማር የሚባለውን አመጡ። እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብበኝ፣ ለእናንተ የሚሆን ትምህርት አለበት። አዲሱ ሕግ አራት ገጽ ብቻ ነበር፣ በነፃም ይሰጥ ነበር። በሩ ተከፈተ ማለት ነው አይደል? ግን የወታደሮቹን ጥንካሬ በቁጥር የሚመዝን የነጥብ ዋጋ አልነበረውም። ድሮ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች «2,000 ነጥብ ይዘህ ና» ተባብለው በእኩል ይገጥሙ ነበር። አሁን አንዱ ሦስት ዘንዶ፣ ሌላው 20 ቀስተኛ ይዞ ይመጣል፤ ማን እኩል ነው የሚለውን በመለማመጥ ካልሆነ መወሰን አይቻልም። ከማያውቁት ሰው ጋር መጋጠም አስቸጋሪ ሆነ። ኩባንያው የገንዘቡን በር ሲከፍት የተጋጣሚውን በር ዘጋ። በ2016 የነጥብ ዋጋ የያዘ መጽሐፍ አወጡ። አንድ ትንሽ ጦር በቅናሽ አንድ ላይ የያዙ ካርቶኖችም ገበያ ገቡ፣ ከተጫዋቹም ጋር በግልጽ መነጋገር ጀመሩ። በ2016/17 ገቢው 158.1 ሚሊዮን ፓውንድ ገባ። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፣ ሁሉንም ለነጥቡ አልሰጥም። ግን ተጋጣሚ ማግኘት እንደገና ሲቀል ሰው ተመለሰ። የተዘጋውን የድሮ ዓለም ራሱን በጥር 2024 በአዲስ ስም መልሰው ማውጣታቸውም ይታወቅ።

«እነሱ በየሦስት ዓመቱ አዲስ እትም ያወጡ የለም ወይ?» ልትለኝ ትችላለህ። ልክ ነህ። ሌላው ጨዋታቸው፣ ዋርሃመር 40,000፣ በ2017፣ በ2020 እና በ2023 አዳዲስ እትም ወጥቶለታል፤ ያም ሆኖ እየሄደ ነው። ለንደን ውስጥ መቶ ሰው ቢያኮርፍ ግን ሌላ መቶ ሰው ሱቁ ውስጥ ይጠብቅሃል። ማርቆስ ላይ አምስት ሰው ካኮረፈ አለቀ። የትልቅ ኩባንያ አካሄድ ለትንሽ ከተማ አይሆንም። የድሮዎቹን ምስሎች ከነባለቤቶቻቸው የማስወጣት አቅም የላችሁም።

አሁን ወደ አንድ ስስ ነገር ልግባ። ደብዳቤህ ሲጀምር «እኔና ሦስት ጓደኞቼ» ይላል። አራት ናችሁ። መጨረሻው ላይ «ሦስታችን» ይላል። አራተኛው የት ሄደ? ለምን እንደቀረ አልነገርከኝም፣ የግል ጉዳይም ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዓርብ ማታ ለሰው ሁሉ የሚደውለው፣ ጠረጴዛውን ቀድሞ የሚይዘው፣ አዲስ ሰው ሲመጣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያሳየው እሱ አልነበረም?

በየቡድኑ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ። ምርጥ ተጫዋች ላይሆን ይችላል። ብዙ የሚገዛም ላይሆን ይችላል። እሱ ሲሄድ ግን ቡድኑ በሁለት ወር ይበተናል። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ፕራይቬቲር ፕሬስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ዋርማሺን የሚባል ጨዋታ ነበረው፣ በ2003 የተጀመረ። በየከተማው ፕሬስ ጋንግ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት። እነሱ ናቸው ውድድር የሚያዘጋጁት፣ አዲሱን ሰው የሚያስተምሩት። በ2016 ሦስተኛው እትም ወጣ፣ ተጫዋቹም ተደናገረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኩባንያው የበጎ ፈቃደኞቹን ፕሮግራም ዘጋ። በ2022 አራተኛው እትም የድሮዎቹን ጦሮች ወደ ጎን አድርጎ በአዳዲስ ጦር ጀመረ። በ2024 ጨዋታው ስቲምፎርጅድ ጌምስ ለሚባል ሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ሕጉን የሚያደንቅ ሰው እስከ መጨረሻው ነበር። በየከተማው ሰው የሚሰበስበው ሰው ነው የጠፋው።

ኤክስ ዊንግም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፤ ባጭሩ ልለፈው። በ2012 የወጣ የጠፈር ውጊያ ነው። መርከቦቹ ቀለም ተቀብተው ነው የሚሸጡት፣ ከካርቶኑ አውጥተህ ወዲያው ትጫወታለህ። ለዚህ ነበር እንደዚያ የተስፋፋው። በ2018 ሁለተኛው እትም ሲመጣ የድሮ መርከቦችህን ለማጫወት ለየወገኑ መቀየሪያ ካርቶን መግዛት አስፈለገ። ከዚያ ጨዋታው ወደ ሌላ ስቱዲዮ ተዛወረ። በ2022 ሕጉ እንደገና በብዙ ተለወጠ፣ በ2024 አዲስ ዕቃ ማውጣት አቆሙ። የሕግ ለውጥ በመጣ ቁጥር ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በድሮው ይቀጥላል፣ አንዱ በአዲሱ። ስምንት ሰው ያለበት ከተማ ላይ ይህ ማለት አራት እና አራት ነው።

ማቅለልም ብቻውን እንደማያድን ማወቅ አለባችሁ። ራካም የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር። የብረት ምስሎቹን የሚያይ ሰው ዓይኑን አይነቅልም ነበር። ወደ ተቀባ ፕላስቲክ ዞረ፣ ቀለም መቀባት የሚወዱት ደንበኞቹ ጥለውት ሄዱ፤ ኩባንያው በ2010 ተዘጋ። ስለዚህ ነገ ተነሥታችሁ «ሁሉንም በካርቶን እንሥራው» አትበሉ። ያሉትን ሳታስከፉ ነው አዲሱን ማስገባት ያለባችሁ።

ከፈረንጆቹ ልመለስና በእናንተ ጨዋታ ላይ ብቻ ያለ አንድ ችግር ልንገርህ። ሳልጠይቅህ አውቀዋለሁ፤ ማርቆስ ላይ ሁሉም ሰው የተክለ ሃይማኖትን ጦር ነው የሚፈልገው። እውነት አይደለም? የምኒልክንና የራስ ጎበናን ጦር በ4,200 ብር ገዝቶ ማርቆስ ካፌ ውስጥ ይዞ የሚገባ ልጅ ማን ነው? በመጀመሪያው ካርቶን ይህ ጉዳይ አልነበረም። ሁለቱም ወገን አብሮ ስለሚመጣ በየተራ ይጫወቱታል። ሁለተኛው እትም ጦሩን ለየብቻ ሲሸጥ ሁሉም ጎጃምን ገዛ፣ ሸዋ ጠፋ። አሥር ጦር ሸጣችሁ ሊሆን ይችላል፤ ከአሥሩ ስምንቱ አንድ ወገን ከሆነ የሚገጥሙት አራት ሰዎች ናቸው። የአርበኞቹን ዘመን እንሥራ ብትሉም ያው ነው፤ በላይ ዘለቀን ሁሉም ይፈልጋል፣ ጣሊያንን የሚይዝ አይገኝም። በአውሮፓ የታሪክ ጦርነት የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ከቆየ ጀምሮ ያውቁታል። ብዙ ጊዜ አዘጋጁ ራሱ ሁለቱንም ጦር ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ባዶ እጁን መጥቶ ይጫወታል። እናንተም ባለ 60ው የሸዋ ጦር የቡድኑ ይሁን። ለማንም አትሽጡት፣ ካፌው ውስጥ ይቀመጥ።

ስለ ስልክና ፕሌስቴሽን። ፕሌስቴሽን ቤት ገብተህ ተመልከት። ልጁ ኪሱ ባለችው ብር ይገባል። ተጋጣሚው እዚያው ተራ ይዞ ቆሟል። ጨዋታዋ ከሩብ ሰዓት ብዙም አትዘልም፣ ተሸነፈም አሸነፈም ይወጣል። ዳማንም እይ፤ ቆርኪና የተሠመረ ካርቶን ይበቃዋል፣ የትኛውም ግንብ ሥር ተጋጣሚ አለ። ሁለቱም የሚያሸንፏችሁ በዚህ ነው። በምስል ጥራት አይደለም። ኮምፒውተርማ አንዳንዴ ያግዛል። ከላይ ያልኩት የዋርሃመር የድሮው ዓለም ጠረጴዛ ላይ ከተዘጋ በኋላ በ2016 የኮምፒውተር ጨዋታ ሆኖ ወጣ፤ ምስል ነክተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ያን ዓለም ያወቁት በዚያ ነው።

ጨዋታው ከፋ ወይ ላልከው፣ ሕጋችሁን አላየሁትም። ሕጉ እጅግ ቢሻሻልም ግን የሚያየው የቆየው ተጫዋች ነው። አዲሱ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ባሕር ዳር ላይ በአንድ ሌላ ጨዋታ ያየሁትን ልንገርህ። ልጁ መጀመሪያ ቀኑ ነው። ፊቱ ሃምሳ ምናምን ወታደር ተደርድሯል። አንዱን አንሥቶ በሜትር ይለካል፣ ያስቀምጣል። ሁለተኛውን አንሥቶ ይለካል፣ ያስቀምጣል። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ተጋጣሚውን አየው። ተጋጣሚው ስልኩን እየነካካ ነው። ሰባተኛውን ሳይለካ በግምት አስቀመጠው። «እሱ ጥሷል» አለ አንድ ከጎን የቆመ። መጽሐፍ ተገለጠ። ገጹ እስኪገኝ ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ልጁ ጨዋ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ፣ አመስግኖ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ አላየነውም። እናንተ ያንን ጠረጴዛ ነው በ60 ወታደር የሠራችሁት።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ማምሸት አይፈልግም፣ ባጃጅም በጊዜ ነው የሚገባው። ከሰዓት ተጀምሮ አራት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ ሳያልቅ ሰው ይነሣል። ሳያልቅ የተነሣ ጨዋታ የተሸነፉትን ያህል ነው የሚያስከፋው። መብራት ሲጠፋ ፕሪንተሩ መሀል ላይ ቆሞ ሙሉ ሰሌዳ ሬዚን እንደሚበላሽባችሁም አውቃለሁ። 60 ወታደር ለአንድ ደንበኛ ማውጣት ለእናንተም ፈተና ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያውን ካርቶን ነገውኑ መልሱት። 24 ወታደር፣ ሁለቱም ወገን፣ ዋጋው በተቻለ መጠን ዝቅ ያለ። የድሮዎቹ ምስሎች እንደሚሠሩ በቴሌግራም ቻናላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ «ሁሉም እትም፣ ሁሉም መጠን ይሰለፋል» በሉ። በቁመት ቢበላለጡ ምን ይሆናል? የሚለካው መቆሚያቸው ነው። ድሮዎቹን በአዲሱ መቆሚያ ልክ በተቆረጠ ካርቶን ላይ አጣብቁላቸው፣ በነፃ። ይህ ብቻውን ካኮረፉት ጥቂቱን ይመልስላችኋል ብዬ አምናለሁ።

ጨዋታዋን 12 ለ12፣ በአንድ ሰዓት የምታልቅ አድርጓት። ጠረጴዛዋም ከካፌ ጠረጴዛ አትብለጥ፤ ሁለት ጠረጴዛ መግጠም ሲጀመር ባለካፌው ፊቱን ያጠቁራል።

ባለ 60ውን ጦር አትጣሉት። ደክማችሁበታል፣ የሚወዱትም አሉ። ግን የአንድ ሰው ዕቃ መሆኑን አስቀሩት። አምስት ሰው 12፣ 12 ወታደር ይዞ ቢመጣ 60 ነው። አምስት ለአምስት ገጠማችሁ ማለት ነው። እያንዳንዱ የራሱን ጭፍራ ይመራል፣ አንዱ ንጉሡን ይሆናል። የቀድሞው ጦርም እኮ የሚሰበሰበው እንዲህ ነበር፤ እያንዳንዱ ባላባት የራሱን ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። በወር አንድ ቀን እንዲህ ያለ ትልቅ ውጊያ ይሁን። ያ ቀን ወጥቶ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ያደርጋል፤ አንድ ሰው ከቀረ 12 ወታደር ይጎድላልና ጓደኞቹ ራሳቸው ይደውሉለታል። ለዚያ ቀን አሥር አሥር ወታደር በአንዴ የሚገፋ የካርቶን ሰሌዳ ሥሩላቸው፣ አንድ በአንድ መለካቱ ይቅር።

ለአዲስ ሰው ደግሞ ምስል አትሽጡለት። ሁለቱንም ጦር በወፍራም ወረቀት አሳትሙ። ማንኛውም ኮፒ ቤት ይሠራዋል። ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ማቆም ነው። ፋይሉን በቴሌግራም በነፃ ልቀቁት። ዩኒቨርሲቲው አዲስ ተማሪ ሲቀበል ዶርም ውስጥ የሚጫወቱበት ነገር ይሆናል። የወደደው ሰው ምስሉን ራሱ ይጠይቃችኋል፤ ቀለም ቀቢዎቻችሁም ምንም አልተነካባቸውም።

ቀጥሎ የምታወጡት ነገር ያለውን ጦር የሚጠቀም ይሁን። እኔ ብሆን ወደ አድዋ ነበር የምሄደው። በእኛ አቆጣጠር በ1888 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከአፄ ምኒልክ ጎን ተሰልፈው ነው የተዋጉት። እምባቦ ላይ የተጋጠሙት ሁለት ጦሮች አድዋ ላይ በአንድ ወገን ይቆማሉ። የሸዋንም የጎጃምንም ወታደር የገዛ ሰው አንዱንም አይጥልም፤ የሚጨምረው የጣሊያንን ጦር ብቻ ነው፣ እሱንም ቡድኑ ይያዘው። በተጨማሪ የሸዋን ጦር ለመያዝ ያፈረ ልጅ ካለ ያኔ ደስ ብሎት ይይዘዋል።

አራተኛውን ጓደኛችሁንም ፈልጉት። ሽያጭ ውስጥ እንዲገባ አትጠይቁት። ዓርብ ማታ ስልክ እንዲደውል ብቻ ጠይቁት። እሱ ካልሆነለት ከመካከላችሁ አንዱ ሥራዬ ብሎ ይያዘው፣ ያ ሰው ያን ቀን አይጫወት። አዲስ የመጣ ሰው አጠገብ ይቀመጥ።

ደብተሩንም ቀይሩት። ስንት ብር ተሸጠ የሚለውን ለጊዜው ተዉትና በየቅዳሜው ሁለት ነገር ጻፉ፤ ስንት ጨዋታ ተጀምሮ አለቀ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ስንቱ በሁለተኛው ቅዳሜ ተመለሰ። ሁለት ወር እንዲህ ያዙትና ላክልኝ። የሬዚኑን ወጪና የካርቶኑን ዋጋ ያኔ ቁጥሩን ይዘን እንነጋገራለን።